ጠበል፣ ክኒን እና ከአርባ ቀን በኋላ ያለው ጊዜ፦ በወሎ አብያተ ክርስቲያናት የአእምሮ ጤና እንክብካቤ ለምን ይጀመርና ይቆማል?

በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ደጋግሞ ይዘዋወራል። በጠበል ቦታ ወይም በጸሎት አዳራሽ አንዲት ወጣት ትጮኻለች። አጥማቂው ወይም አገልጋዩ "ማን ነህ? መቼ ያዝካት?" እያለ ይጠይቃል። ፊቷ አልተሸፈነም፤ ስሟም ይጠራል። ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ገሚሱ "ይህን ሐኪም አያውቀውም" ሲል ገሚሱ "ልጅቷን ሆስፒታል ውሰዷት" ይላል። ቪዲዮው ሲረሳ ክርክሩም ይበርዳል። ልጅቷ ከዚያ ወዴት እንደሄደች፣ ማን እንዳስጠጋት፣ ከስድስት ወር በኋላ ማን እንደጠየቃት የሚያነሣ እምብዛም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ የተዘለለው ጥያቄ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው አእምሮው ሲታወክ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ሲሸሽ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሃይማኖት አባት ነው። ክርስቲያኑ ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጠበል ይሄዳል፣ ሙስሊሙ ወደ ሼኹ፤ ወሎ በመሆኑ ደግሞ አንዱ ወደ ሌላው ደጅ የሚሻገርበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናት በአእምሮ ጤና ሥራ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል፤ ከገቡ ዘመናት ተቆጥረዋል። የሚቀረው ይህ እንክብካቤ በአንድ ሰው ብርታት ወይም በአንድ ፕሮጀክት በጀት ላይ ሳይንጠለጠል እንዴት ይዘልቃል የሚለው ነው።

ወሎ ላይ የተደራረበው

የ1965-66 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ትዝታ ገና በሕይወት ባሉ ሰዎች ዘንድ አለ። በዚያ ላይ ጦርነት ተጨመረ። የሰሜኑ ጦርነት ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ወደ ሰሜን ወሎ ዘለቀ፤ ላሊበላ፣ ቆቦና ወልዲያ፣ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ደሴና ኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ሰው በገዛ ቤቱ ተገደለ፤ ሴቶች ተደፈሩ፤ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ቆቦ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ እንደገና ጦርነት አየች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ተንቀጥቅጦ ገና መረጋጋት የጀመረ ሰው እንደገና መንገድ ሲዘጋና ተኩስ ሲሰማ ቁስሉ እንደ አዲስ ያመረቅዛል።

ትራውማ የሚባለው ይህ ነው፦ ሕይወትን ወይም ክብርን ለአደጋ ያጋለጠ ክስተት ካለፈ በኋላም በሰውየው ውስጥ የሚቀጥል ጉዳት። ክስተቱ ያለፈ ሆኖ ሳለ አካል ያላለፈ ያህል ይቆጥረዋል። በር ሲንኳኳ መደንበር፣ ቅዠት፣ ያንን ቦታ ላለማየት ዞሮ መሄድ፣ ያለ ምክንያት የሚገነፍል ቁጣ ምልክቶቹ ናቸው። ድባቴ ደግሞ ከተራ ኀዘን የሚለየው በርዝመቱና በክብደቱ ነው፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በሚባል ደረጃ የሚቆይ የደስታ ማጣት፣ የጉልበት መዛል፣ የምግብና የእንቅልፍ መዛባት፣ አንዳንዴም "ባልኖር ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ ይታይበታል። ሳይኮሲስ ከእውነታው ጋር ያለን ግንኙነት የሚያናጋ ሁኔታ ሲሆን፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና "ሰው ሊጎዳኝ ያሳድደኛል" የሚል፣ ማንም አሳምኖ ሊያስተወው የማይችል ስጋት ያመጣል።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ በየትኛውም አንድ ወቅት ቢቆጠሩ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ያሳያል። ቁጥሩ ሲከፋፈል ይበልጥ ይናገራል፦ 13 በመቶው ቀላል፣ 4 በመቶው መካከለኛ፣ 5 በመቶው ከባድ ደረጃ ላይ ነው። ስለ ወሎ ለብቻዋ የተሰላ አይደለም፤ የሥራ ክፍፍልን ግን ያመለክታል። ከመቶ ሰው ሰባ ስምንቱ ቢያዝንም ቢፈራም ሕመምተኛ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ደኅንነት፣ ቀለብ፣ ሰውና ጊዜ ነው። ቀላል ደረጃ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የሚያዳምጥና የሚከታተል ሰው ካገኙ ይሻላቸዋል። ከመቶ ዘጠኝ ለሚሆኑት ግን ሐኪም የግድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ለመድረስ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቀረበ ተቋም የለም፤ ሦስተኛውን ክፍል ብቻዋን ልሸከም ካለች ግን ሰው ይጎዳል።

መርዶ ያልመጣለት ኀዘን

የወሎን ሁኔታ ለብቻው ማየት የሚያስፈልገው ከዚህ በሚከተለው ምክንያት ነው። በኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት ሞት የራሱ መርሐ ግብር አለው። መርዶ ይነገራል፣ ይለቀሳል፣ ፍታት ይደረጋል፣ ሠልስት ይወጣል፤ ከዚያ ሰባት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይቀጥላል። ሥርዓቱ የተሠራው ለሟች ነፍስ ነው። ነገር ግን ለቋሚውም አንድ ትልቅ ነገር ያደርጋል፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሰው እየተመላለሰ ወደ ኀዘንተኛው ቤት እንዲገባ ያስገድዳል። ማንም "እንዴት ነሽ?" ለማለት ሰበብ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ቀኑ ራሱ ይጠራዋል። ዘመናዊው የጤና ሥርዓት ክትትል የሚለውን ይህ ሥርዓት ያለ መዝገብና ያለ ደመወዝ ሲሠራው ኖሯል።

ጦርነቱ የሰበረው ይህንን ነው። በችኮላ የተቀበሩ፣ ብዙ ሆነው በአንድ ጉድጓድ የገቡ፣ ፍታት ሳይደረግላቸው የቀሩ አሉ። ከዚያ የሚብሰው የጠፋው ሰው ነው፤ ወደ ግንባር ሄዶ ያልተመለሰ፣ የሞተም የተማረከም ወሬ ያልመጣለት ልጅ። እናቱ ልታለቅስ ስትነሣ "ቢኖርስ? አሟርቼበት እንደሆነስ?" ትላለች፤ ልትጠብቅ ስትል ዓመታቱ ይገፏታል። መርዶ ስለሌለ ለቅሶ የለም፣ ለቅሶ ስለሌለ ሠልስት የለም፣ ቀን ስለሌለ ጠያቂም የለም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እልባት የሌለው ኀዘን ብለው የሚያጠኑት ይህን ነው፤ ሕይወትን ባለበት የሚያስቆምና ከመደበኛው ኀዘን ይልቅ ለድባቴ የሚያጋልጥ ሆኖ ያገኙታል።

ቤተ ክርስቲያን እዚህ ላይ ሐኪም ሊያደርገው የማይችለውን ማድረግ ትችላለች። "ሞቷል" ሳትል በስሙ መጸለይ ትችላለች። በቅዳሴ የሚነሡ ጸሎቶች ውስጥ መንገደኞች፣ እስረኞችና የተጨነቁ ሁሉ ቦታ አላቸው፤ የጠፉ ልጆች ስም በአጥቢያው በታወቀ ቀን፣ በየወሩ፣ በማኅበረ ምእመናኑ ፊት ቢጠራ የእነዚያ እናቶች ኀዘን ቀን ያገኛል። ቀን ያለው ኀዘን ጠያቂ ያገኛል። ወጪ የለውም፣ አሠልጣኝ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ውሳኔ ነው።

የተደፈሩ ሴቶች ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ለእነርሱ ቀን መቁረጥና ስም መጥራት ጉዳቱን ያባብሰዋል። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ ምሥጢር፣ ሴት አድማጭ፣ ከአጥቢያው ራቅ ያለ ቦታ። በስብከት መሐል "ንጽሕናችሁን ያጣችሁ" የሚል አንድ ቃል ሴትን ለዓመታት ዝም ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ካህናትና ሰባክያን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚናገሩትን መመዘን ከምክር አገልግሎት የሚቀድም ሥራ ነው።

ያለው መዋቅር

ወደ አጥቢያ የሚመጡ ሥልጠናዎች ብዙ ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ እንደሚጀምሩ አድርገው ይናገራሉ። ሜዳው ባዶ አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው፤ ቤት ይባርካል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ጽዋ ማኅበር በየወሩ ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ሰንበቴ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። የአጥቢያው አስተዳደር ሰበካ ጉባኤ ነው፤ በቃለ ዓዋዲ ደንብ መሠረት ካህናትም ምእመናንም ወጣቶችም ይወከሉበታል፣ ገንዘብም ያስተዳድራል። በወሎ ገጠር ደግሞ ቅሬ አለ፤ ከተማው እድር የሚለው ማለት ነው። በብዙ ቀበሌ ቅሬ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ ያሰባስባል፤ የቅሬው ዳኛ ሲያዝ ሰው ይታዘዛል። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በየቤቱ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ኅብረቶች አሏቸው፤ አባላቱ የእርስ በርሳቸውን የዕለት ኑሮ በቅርብ ያውቃሉ።

እነዚህ ሁሉ አንድ ጉድለት ይጋራሉ። ለሞትና ለአካል ሕመም ግዴታ አላቸው፣ ለአእምሮ ሕመም ግን የላቸውም። እግሩ የተሰበረን ሰው ሳይጠይቅ የቀረ የጽዋ አባል ይወቀሳል። ከቤት መውጣት ያቆመን ሰው ሳይጠይቅ የቀረ ግን ማንም አይወቅሰውም፤ እንዲያውም "ተወው፣ ይረፍበት" ይባላል። አንዴ "አብሽር" ተብሎለት ይተዋል። ቤተሰቡም ነውር መስሎት ይደብቃል፤ የእህቱ ጋብቻ እንዳይሰናከል ይፈራል። ስለዚህ መዋቅሩ ቆሞ ሳለ ሕመምተኛው በመዋቅሩ ቀዳዳ ይወድቃል።

ጠበልና መድኃኒት

በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት ዓይነት አቋም ይሰማል፤ ሦስቱም መደመጥ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው የመንፈስን እውነታ የሚጠብቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን የክፉ መንፈስ እስራት እንዳለ ታስተምራለች፤ ጠበል፣ ቅብዐ ቅዱስና ጸሎት ከወንጌል የመጡ ናቸው፤ ቀንዲል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ሁሉን ነገር "ኬሚካል" ብሎ መተርጎም ለአማኙ ሕይወቱን ከትርጉም ማራቆት ነው ይላል። ሁለተኛው የጤና ባለሙያው ስጋት ነው። ሳይኮሲስ ሳይታከም በቆየ ቁጥር የማገገም ዕድሉ ይቀንሳል፤ በጠበል ቦታ በሰንሰለት ታስረው ወራት ያሳለፉ፣ በዱላ የተመቱ፣ ምግብ የተከለከሉ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ቤተ እምነቶች ከዚህ ሥራ እጃቸውን ያውጡ ይላል። ሦስተኛው ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ የሚል ነው።

ሁለተኛው አቋም ስለ ጉዳቱ ትክክል ነው፣ ስለ መፍትሔው ግን አያዋጣም። በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሥልጠናው ውጭ አገር ነበር። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፣ በደሴም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ያም ሆኖ ከመካነ ሰላም ወይም ከላስታ ተራሮች ደሴ መድረስ በሰላሙም ጊዜ ቀላል አልነበረም። ሕመምተኛውን ከጠበል አስወጥቶ የሚቀበለው ቦታ ሳያዘጋጁ "አስወጡት" ማለት ወደ ጎዳና ማውጣት ነው።

ሦስተኛው አቋም በሥራ ተፈትኖ ያውቃል። በጋናና በናይጄሪያ የእምነትና የባህል ፈዋሾች ከጤና ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ተጣምረው የሳይኮሲስ ሕመምተኞችን እንዲከታተሉ ተደርጎ፣ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ ተጣምረው የተከታተሏቸው ሕመምተኞች ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ፈዋሹ ሥራውን አልተቀማም፤ የጤና ሠራተኛው እየሄደ ያየዋል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ሕመምተኛው በጎጂ መንገድ እንዳይያዝ ይነጋገራሉ።

ለእኛ ደግሞ ከዚያ የሚቀርብ የራሳችን ታሪክ አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት ሲጀምር ብዙዎች ለጠበል ሲሉ መድኃኒቱን አቋረጡ፣ ሞቱም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አይጋጩም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ። ክርክሩ በአንድ ቀን አልሞተም፤ ለአጥቢያ ካህን ግን የሚደገፍበት ቃል ሆነው። ለአእምሮ መድኃኒት ተመሳሳይ ግልጽ ቃል በየአጥቢያው ሲነገር አይሰማም፤ ይህ መነገር አለበት። መሠረቱም ሩቅ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይጨምራል። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ገዳማውያን ሕይወት ሲጽፍ የሕክምናን ጥበብ ከእግዚአብሔር እንደተሰጠ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰድ ባለ ጊዜ ተግሣጽ አልቀደመም፤ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመርሑ ወደ ዝርዝሩ ሲወረድ ግን ስምምነቱ የሚፈርስባቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ትኩረት የሚሹት እነርሱ ናቸው።

ጠበል የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ እስከ ቀን ዘጠኝ ሰዓት አይቀመስም። የጠዋት ክኒን ስለዚህ ይዘለላል። ሰውየው መድኃኒቱን አልጠላም፤ ሰዓቱ አልገጠመለትም። ብዙዎቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በቀን አንዴ፣ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ይህን ግን የሚወስነው ያዘዘው ባለሙያ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ካልተነገረው ጾሙን አያውቅም። በሌላ በኩል ሕመምተኛን ከጾም መፍታት ለንስሐ አባት የተፈቀደ ነው፤ ካህኑ ካልተነገረው መድኃኒቱን አያውቅም። አንዲት ቁራጭ ወረቀት በሁለቱ መካከል ብትመላለስ ስንት ሕመም ይድን ነበር!

የሚጥል በሽታ ሌላው ነው። በብዙ ቦታ እንደ ክፉ መንፈስ ይታያል፤ አረፋው ይተላለፋል ተብሎም ሕመምተኛው ሲወድቅ ሰው ይሸሻል። አይተላለፍም። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በድንገት ካቆመ ጥሉ ሊደራረብና ሊገድል ይችላል፤ ጠበሉ ወራጅ ወይም ጥልቅ ከሆነም ብቻውን መግባት የለበትም። ባይፖላር ማለትም የስሜት ከፍታና ዝቅታ የሚፈራረቅበት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እንቅልፍ ሲያጣ ከፍታው ይቀሰቀሳል። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት መቆም ለጤነኛው በረከት ሆኖ ለእርሱ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ "ቀናው፣ በረታ" ሲባል የነበረ ወጣት በሦስተኛው ሌሊት የሚታወክበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው።

ሰንሰለትና ዱላ ግን የሚደራደሩበት ጉዳይ አይደለም። ቤተሰብ የሚያስረው ጨክኖ ላይሆን ይችላል፤ ገደል እንዳይገባበት፣ ሰው እንዳይጎዳበት ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም ቶሎ የሚያረጋጋ ሕክምናና ተራ ገብቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። ዱላ በየትኛውም መጽሐፍ መድኃኒት ሆኖ አልተጻፈም። ቀረጻም እንዲሁ። ሰው ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ፊቱን ቀርጾ ማሰራጨት፣ ከዳነ በኋላ ወደ ሥራና ወደ ትዳር የሚመለስበትን መንገድ መዝጋት ነው።

ለምን ይቆማል?

ከጦርነቱ ወዲህ በርዳታ ድርጅቶችና በአብያተ ክርስቲያናት አማካይነት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናዎች ተሰጥተዋል። ይህ እርዳታ ቀላል ነው፦ የተጎዳውን ማየት፣ ሳይቸኩሉ መስማት፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት። ሰው ተሠልጥኖ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ፣ ወደ አጥቢያው ይመለሳል። ከዚያ ሦስት ነገር ያጋጥመዋል።

አንደኛ፣ "ማገናኘት" የሚለው ክፍል መድረሻ ያጣል። ጤና ጣቢያው አእምሮ የሚያይ የሠለጠነ ሰው ላይኖረው፣ ቢኖረውም መድኃኒቱ ሊያልቅበት ይችላል። ኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራምን በ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ ቀድመው ከሞከሩ አገሮች አንዷ ነች፤ አሳቡ ጥሩ ነበር፤ የመንገድ መዘጋትና የመድኃኒት እጥረት ግን በየጊዜው ይሰብረዋል። ሁለተኛ፣ ሥራው ለአንድ ሰው ይጣላል። አንድ ቀሲስ ወይም አንዲት እህት "እርሷ ታውቃለች" ይባልና ሁሉም ወደ እርሷ ይጎርፋል፤ ስትደክም ወይም ስትዛወር አገልግሎቱ አብሯት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ሥራው የማንም አጀንዳ አይደለም። ሰበካ ጉባኤ የጣሪያ ጥገና፣ የደመወዝ፣ የዓመታዊ በዓል ዝግጅት ቃለ ጉባኤ አለው፤ በመንደሩ ስንት ሰው መድኃኒት እንዳቋረጠ የሚጠይቅ ቃለ ጉባኤ የለውም። ያልተመዘገበ ሥራ በጀት አያገኝም፣ አይወረስምም።

"ቤተ ክርስቲያንን ኤንጂኦ አታድርጓት" የሚል ቅሬታም አለ፤ እውነት አለው። መዝገብና ሪፖርት ሲበዛ አገልግሎት ይደርቃል፣ ሰውም ቁጥር ይሆናል። ግን ተዝካርም ቀን አለው፣ ጽዋም ተረኛ አለው፤ ሥርዓት ስላላቸው ፍቅራቸው አልቀነሰም። ለታመመ አእምሮም የዚያኑ ያህል ሥርዓት ቢበጅ ከአባቶች መንገድ መውጣት አይሆንም።

የሚጸና ነገር ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ ቀን ያስፈልጋል። ከሆስፒታል ወይም ከጠበል የተመለሰ ሰው እንደ ኀዘንተኛ ቢቆጠርና በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመቱ የሚጠይቀው ተረኛ ቢመደብለት፣ ማንም አዲስ ነገር መማር አይኖርበትም። እነዚህን ቀናት ሕዝቡ በቃሉ ያውቃቸዋል። ተረኛው ሐኪም አይሆንም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ትተኛለህ? መድኃኒትህ አለ? ማን ጋር ትውላለህ? መልሱ ካላማረው ለማን እንደሚነግር ያውቃል። የማገርሸት ምልክት ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ያሳያል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው መንገድ ነው። አጥቢያው ቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ አንድ የሚታወቅ ሰው፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ በአጥቢያው አንድ የሚታወቅ ካህን ይኑረው፤ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገናኙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ሰፈር ልጅ ስለሆነች ድልድዩ ግማሹ ተሠርቷል። ምሥጢረ ንስሐ ግን እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ካህን በንስሐ የሰማውን ለሐኪምም ለቤተሰብም አያወጣም። የሚያደርገው ሰውየውን ራሱን ከንስሐው ውጭ እንዲናገረው ማበረታታት፣ ከፈቀደም አብሮት ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ነው። አብሮ የሚሄድ ካህን ከሚጽፈው ደብዳቤ ይልቅ ነውሩን ያቀልለታል፤ መንደሩ አባ ከእርሱ ጋር ሲሄዱ አይቷልና።

ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከሰንበቴ ወይም ከቅሬ ሊወጣ ይችላል። ቅሬው ለቀብር እንደሚያዋጣ ለሕመምም እንዲያዋጣ መተዳደሪያው ላይ አንድ መስመር መጨመር በዳኛውና በአባላቱ እጅ ነው። ቅሬው የሙስሊምና የክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከአንድ ቤተ እምነት አልፎ የቀበሌው ይሆናል፤ ወሎ ይህን ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

ራስን ማጥፋትና ፍታት

ስለ ራስ ማጥፋት ብዙ አጥቢያ የሚነጋገረው ሬሳ መጥቶ ፍታት ይደረግ አይደረግ ሲባል ብቻ ነው። ያን ጊዜ የቤተሰቡ ቁስል ላይ እሾህ ይጨመራል። ሥርዓቱ ራሱ ግን ከሚታሰበው ይልቅ አስተዋይ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ራሱን ስቶ ሕይወቱን ላጠፋ ሰው መሥዋዕት ይቅረብ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ካህኑ ሰውየው በእርግጥ አእምሮውን ስቶ እንደነበር አጣርቶ ይወስን የሚል መልስ ሰጥቷል። ማጣራት ማለት ቤተሰቡን መስማት፣ ሕመም እንደነበረው መጠየቅ ነው። ከባድ ድባቴ ወይም ሳይኮሲስ የሰውን ፍርድ ምን ያህል እንደሚያዛባ ዛሬ የሚታወቀው ለዚያ ማጣራት ትርጉም ይጨምራል።

ከዚያ በፊት ግን ሕይወት የሚተርፍበት ጊዜ አለ። "ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። "አዎ" ያለ ሰው በዚያ ቀን ብቻውን አይተውም፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ ይነሣል፣ ሰው አብሮት ያድራል፣ በነጋታው ወደ ሐኪም ይወሰዳል። "ሲዖል ትገባለህ" ብሎ ማስፈራራት አፉን ያዘጋዋል እንጂ ሐሳቡን አያስተወውም።

ካህኑንስ ማን ይጠይቀዋል?

የገጠሩ ካህን ገበሬ ነው። ያርሳል፣ ይቀድሳል፣ ይፈታል፣ ንስሐ ይሰማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወሎ የሞቱትን የቀበረው እርሱ ነው፤ ከእነርሱ መካከል የገዛ ዘመዶቹ አሉ። የሰማውን ምሥጢር ለማንም አያወርድም። ሳያባራ የሌላውን መከራ የሚሰማ ሰው ቀስ በቀስ ስሜቱ ይደነዝዛል፣ ይቆጣል፣ ወይም መጠጥ ይለምዳል፤ ባለሙያዎች የርኅራኄ ድካም የሚሉት ሁኔታ ነው፤ ካህንንም ነርስንም አይለይም። ለመጋቢዎችም ሚስቶቻቸውን ጨምሮ ነገሩ ያው ነው፤ ምእመኑ ሁልጊዜ ጠንካራ ሆነው ሊያያቸው ይፈልጋልና የሚያለቅሱበት ቦታ የላቸውም።

ካህንም የራሱ የንስሐ አባት አለው፤ ለኃጢአቱ ይበቃዋል፣ ለድካሙ ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም። ወረዳ ቤተ ክህነት ካህናትን ለስብሰባና ለመዋጮ በሚጠራበት ቀን አንድ ሰዓት ለዚህ ቢለይ፣ አምስት ስድስት ካህናት ክብ ሠርተው ስም ሳይጠሩ የከበዳቸውን ቢያወሩ፣ አንድ የሠለጠነ ሰውም አብሯቸው ቢቀመጥ መጀመር ይቻላል። ከቅዳሴ ተራም አንድ ሳምንት ማሳረፍ ይቻላል። በአጥቢያው ያሉ ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የጥየቃውን ተራ ከተካፈሉ ደግሞ ሸክሙ ከአንድ ትከሻ ይወርዳል። በወረዳው የጉባኤ አጀንዳ ላይ ይህ አንድ ነጥብ ሆኖ እስካልገባ ድረስ ግን ሌሎቹ ሐሳቦች በሙሉ የሚያርፉት ያው በደከመው ካህን ላይ ነው።